የሲያትል ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት፦ ስለ ታሪኩና ስለ ሕንፃው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ዳውንታውን ወዳለው ትልቁ ላይብረሪ ነው። ስፔስ ኒድል የሚባለው የከተማው ታዋቂ ማማ ኋላ ይደርሳል። እንግዶቼ 4ኛ አቬኑ ላይ ቆመው ቀና ሲሉ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተጣመመው?» ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው አያልቅም። ሲያትል ውስጥ ዓመታት የኖሩ፣ በየቀኑ በበሩ የሚያልፉ ሐበሾችም ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ገብተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ይህን ሕንፃ በጣም ስለምወደው መልሱን ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእርግጥ ላይብረሪ ነው? ማንም ሰው መግባት ይችላል?

አዎ፣ ላይብረሪ ነው። የከተማው ሕዝብ ንብረት ነው። በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፣ ትኬት የለም፣ «ለምን መጣህ?» የሚል የለም። ገብታችሁ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡ ማንም አይናገራችሁም። እናቴ መጀመሪያ ስወስዳት ቦርሳዋን ከፍታ «መግቢያው ስንት ነው?» ብላኝ ነበር። ነፃ ነው ስላት ለማመን ጊዜ ወስዶባታል።

ሕንፃው 11 ፎቅ አለው። የተከፈተው ሜይ 23 ቀን 2004 ነው። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከ25,000 በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው።

የሲያትል የሕዝብ ላይብረሪ መቼ ተጀመረ?

1891። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ሲያትልም ያኔ ገና ከእንጨት ንግድ የምትኖር፣ ጭቃዋ ያልደረቀ ከተማ ናት። በዚያ ላይ በ1889 መሐሏ በእሳት ወድሞ እንደገና እየተሠራች ነበር። ላይብረሪው የተከፈተው ዛሬ ፓዮኒር ስኩዌር በምንለው ሰፈር፣ በኪራይ ክፍሎች ውስጥ ነው። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞር ቆይቶ በ1899 የሄንሪ የስለር ቤት ውስጥ ገባ።

ይህን ስም ታውቁታላችሁ። የስለር ዌይ የሚባለው መንገድና የስለር ቴራስ የሚባለው ሰፈር በእሱ ስም ነው የተጠሩት። ብዙ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሌ ቤተሰቦች አሜሪካን «ሀ» ብለው የጀመሩት እዚያው የስለር ቴራስ ውስጥ ነው። ሰውየው የከተማዋ የመጀመሪያ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ነበር። ቤቱ 40 ክፍል ያለው ትልቅ የእንጨት ቪላ ነው።

እንጨት መሆኑ ነው ጉድ ያፈላው። በ1901 የአዲስ ዓመት ምሽት፣ ጃንዋሪ 1 ለ2 አጥቢያ፣ ቤቱ ነደደ። 25,000 ገደማ ከሆኑት መጻሕፍት አብዛኛው ዐመድ ሆነ። የተረፉት በዋናነት ሰው ተውሶ ቤቱ የወሰዳቸው ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። በየሰዉ ቤት፣ በየአልጋው ራስጌ የነበሩት መጻሕፍት ላይብረሪውን ከባዶ ከመጀመር አዳኑት። ቪላው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት ቆሟል።

ከቃጠሎው በኋላስ?

አንድሩ ካርኔጊ መጣ። በብረት ንግድ የበለጸገው፣ በየአገሩ ላይብረሪ ያሠራ የነበረው ሀብታም ማለት ነው። ቃጠሎው ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ 200,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ግን እንደ ልማዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ከተማው መሬቱን ያቅርብ፣ በየዓመቱም የሥራ ማስኬጃ ይመድብ። ከተማው እሺ አለ።

አዲሱ ሕንፃ ዲሴምበር 19 ቀን 1906 ተመረቀ። ነዳፊው የቺካጎው አርክቴክት ፒተር ዌበር ነው። የድንጋይ ዓምዶች፣ ሰፊ ደረጃ፣ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት መልክ። ፎቶውን ስታዩት የፍርድ ቤት ግርማ አለው። የቆመው አሁን ላይብረሪው ባለበት ቦታ፣ በ4ኛና በ5ኛ አቬኑ መካከል ነው።

ከተማው አደገ፣ ሕንፃው ጠበበ። በ1957 ፈረሰ። በ1960 በዚያው ቦታ ሁለተኛው ተከፈተ፤ ባለ አምስት ፎቅ፣ በዘመኑ ፋሽን ቀጥ ያለ። ያንንም አፍርሰው ነው የአሁኑን የሠሩት። ስለዚህ አንድ መሬት ላይ ሦስተኛው ላይብረሪ ነው።

ደህና ሕንፃ እንዴት ያፈርሳሉ? ያሳዝናል እኮ!

የኛ ሰው ሁሉ ይህን ይላል። እውነቴን ነው፣ የ1906ቱን ፎቶ ሳይ እኔም ሆዴ ይባባል። ያ መፍረስ አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ።

የ1960ው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው መጽሐፍ አንባቢ በማይገባበት መጋዘን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። መጽሐፉን በዓይን አይቶ፣ ገልጦ መምረጥ አልተቻለም። ወረቀት ሞልቶ፣ ሰጥቶ፣ ቆሞ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ገመዱንም ሰዉንም የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን አልጣሉም። በ1960 ጆርጅ ሱታካዋ የተባለው የሲያትል ቀራፂ ለላይብረሪው የውሃ ፏፏቴ ሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ለሠራቸው ብዙ ፏፏቴዎች የመጀመሪያው ነው። ዛሬም 4ኛ አቬኑ በኩል ስትገቡ ታገኙታላችሁ።

ለአዲሱ ሕንፃ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ከሕዝቡ። ኖቬምበር 1998 የሲያትል ነዋሪ ድምፅ ሰጠ። ጥያቄው «ለላይብረሪዎች 196.4 ሚሊዮን ዶላር እንበደር፣ በቤት ግብር እንክፈለው?» የሚል ነበር። ከሦስት ሰው ሁለቱ እንኳ አይደለም፣ ከዚያም በላይ «አዎ» አለ። በጊዜው በአሜሪካ ለላይብረሪ የተፈቀደ ትልቁ ቦንድ ነው ተብሎለታል። ገንዘቡ ለዚህ ሕንፃ ብቻ አልነበረም። በየሰፈሩ ያሉት ቅርንጫፎችም በሱ ተሠሩ፣ ታደሱ። ዛሬ ማዕከላዊውን ጨምሮ 27 ላይብረሪዎች አሉ። ከመንግሥት ቦንድ ሌላ የግል ለጋሾችም ጨምረዋል፤ ከማይክሮሶፍት ሀብት ያፈሩ ሰዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ማዕከላዊው ብቻውን ወደ 166 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል።

ይህን የምነግራችሁ ቁጥር ለመደርደር አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ሕንፃ በር ላይ ሲደርሱ የሀብታም ቤት ደጃፍ የቆሙ ይመስላቸዋል። የለም። ሲያትል ውስጥ ቤት ገዝታችሁ ግብር ከከፈላችሁ ከፍላችሁበታል። ተከራይም ብትሆኑ አከራዩ ግብሩን ከኪራዩ ላይ ነው የሚያወጣው። የራሳችሁ ቤት ነው።

ማን ነደፈው?

ሬም ኩልሃስ የተባለው የሆላንድ አርክቴክትና ሮተርዳም ያለው ቢሮው፣ ኦኤምኤ፣ ኤልኤምኤን ከሚባለው የሲያትል የአርክቴክቶች ቢሮ ጋር ሆነው። ኩልሃስ ወደ አርክቴክቸር ከመግባቱ በፊት ጋዜጠኛ ነበር። በ2000 ፕሪትዝከር የሚባለውን፣ የሙያው ትልቁን ሽልማት አግኝቷል።

ሥራውን የመራው ግን ጆሹዋ ፕሪንስ-ራመስ የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው። ልጁ ያደገው ሲያትል ነው። ያን ጊዜ ሮተርዳም ይሠራል። ከተማው ለሥራው የሚፈልጉ አርክቴክቶችን ሲጠራ ነገሩን ያየችው እናቱ ናት። «እዚህ ላይብረሪ ሊሠሩ ነው፣ ስብሰባው ነገ ነው» ብላ ደወለችለት። በዚያው ተነስቶ በረረ። እናት ባትደውል ኖሮ ይህ ሕንፃ ምን ይመስል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ከከተማው በኩል የላይብረሪው ኃላፊ የነበረችው ዴቦራ ጄከብስ ነበረች። አርክቴክቶቹ ንድፍ ከመንካታቸው በፊት ከላይብረሪ ሠራተኞች ጋር ወራት ተቀምጠው ተነጋግረዋል፤ በየአገሩ ያሉ ላይብረሪዎችንም አብረው ዞረው አይተዋል።

እሺ፣ ለምን ተጣመመ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

አርክቴክቶቹ መጀመሪያ ቅርጽ አልሳሉም። ላይብረሪው የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ዘረዘሩ። ከዚያ ለሁለት ከፈሉት። አንዳንዱ ሥራ የታወቀ ነው፣ ብዙ አይለዋወጥም፦ የመኪና ማቆሚያ፣ የሠራተኛ ክፍል፣ የስብሰባ ክፍል፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የአስተዳደር ቢሮ። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳጥን ሰጡ። አምስት ሳጥን ሆነ። ሌላው ሥራ ደግሞ ሰው የሚበዛበት፣ ነገ ምን እንደሚሆን የማይታወቅ ነው፦ የልጆች ቦታ፣ መቀመጫው፣ ጥያቄ የሚጠየቅበት፣ የንባብ አዳራሹ። እነዚህን በሳጥኖቹ መካከል በሚፈጠረው ክፍት ቦታ ላይ አደረጓቸው።

አሁን አምስቱን ሳጥኖች በሐሳባችሁ ደርድሩ። ግን አንዱን በአንዱ ላይ አስተካክላችሁ አታስቀምጡ። አንዱን ወደ ባሕሩ ሳብ፣ ሌላውን ወደ ተራራው ገፋ አድርጉት። ለምን? አንዱ ፎቅ እይታ እንዲያገኝ፣ ሌላው ብርሃን እንዲገባው፣ ሌላው ጥላ እንዲሆን። ከዚያ በላዩ ላይ ነጠላ ጣል አድርጉበት። ነጠላው ከሳጥን ጥግ ወደ ሳጥን ጥግ ተወጥሮ ይወርዳል። ያ ነው ከውጭ የምታዩት መጣመም። ነጠላው የብረትና የመስታወት መረብ ሆነ እንጂ።

ስለዚህ ለማስገረም ብለው አላጣመሙትም። ከውስጥ ያለው ሥራ ነው ከውጭ የወጣው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሕንፃው ለእኔ ተጣሞ አያውቅም።

ያ ሁሉ መስታወት! በበጋ አያቃጥልም? መሬት ቢንቀጠቀጥስ?

መስታወቱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ቁራጭ ነው። ግማሽ ገደማው ላይ በመስታወቶቹ መካከል ስስ የአሉሚኒየም ወንፊት ገብቶበታል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፀሐይዋን ይሰብራል፣ ብርሃኑን ግን ያሳልፋል። ሲያትል ደመናማ ስለሆነች ብርሃን ከማጣት ይልቅ ይህ ይሻላል።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጥያቄ ተገቢ ነው። ሲያትል የሚያሰጋት ከተማ ናት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001፣ ሥራው በዝግጅት ላይ እያለ፣ መጠኑ 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ አካባቢውን አንቀጥቅጦታል። የምታዩት የአልማዝ ቅርጽ ያለው የብረት መረብ ጌጥ ብቻ አይደለም። መሬት ወደ ጎን ሲገፋ ሕንፃውን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። መረቡ ብቻውን ግን ሙሉ ሸክሙን አይችልም፤ ውስጥ ደግሞ ትላልቅ ምሰሶዎች አሉ። አንዳንዶቹ አግድም ዘመም ብለው ነው የቆሙት። ልጆች ተደግፈውባቸው ፎቶ ይነሳሉ።

መጻሕፍቱ የት ናቸው? ገብቼ አላየሁም።

ከ6ኛ እስከ 9ኛ ፎቅ። «የመጻሕፍት ጥምዝምዝ» የሚሉት ነው፤ ለእኔ የሕንፃው ነፍስ እዚህ ነው ያለችው።

የድሮው ችግር እንዲህ ነበር። ላይብረሪ ውስጥ መጻሕፍት እንደ ይዘታቸው በሚሰጣቸው የዲዊ ቁጥር ይደረደራሉ፤ ከ000 ጀምሮ እስከ 999። አንዱ ዘርፍ፣ ለምሳሌ የኮምፒውተር መጽሐፍ፣ ሲበዛ ያለበት ፎቅ ይሞላል። ትርፉ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ከዚያ ወደ ምድር ቤት። ተከታታይ መሆን የነበረበት ነገር ይበታተናል።

እዚህ መደርደሪያው ፎቅ አይቆርጠውም። ወለሉ በ2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ዘመም ብሎ ቀስ እያለ ይወጣል። ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪና እየዞረ እንደሚወጣው ማለት ነው። ከ000 ጀምራችሁ አንድ ደረጃ ሳትረግጡ 999 ትደርሳላችሁ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም ከሌላው እኩል ይሄዳል። አንዱ ዘርፍ ሲሰፋ ሌላው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ በቃ። ቦታው 1.4 ሚሊዮን ያህል መጽሐፍ ይይዛል።

ቁጥሩ ወለሉ ላይ በጎማ ምንጣፍ ተጽፏል። እኔ 963ን ፈልጉ እላለሁ። በዲዊ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፣ ወደ ላይኛው ጫፍ ግድም። ከአድዋ ጀምሮ ስንት ነገር እንደተጻፈብን ቆማችሁ ታያላችሁ። የአማርኛ ቋንቋ ጥናት የፈለገ ደግሞ 492 አካባቢ ይቁም።

ከየት ፎቅ ልጀምር?

መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ። አሜሪካ ውስጥ መሬቱ ራሱ 1ኛ ፎቅ ነው። ቦታው ደግሞ ዳገት ላይ ስለሆነ በ4ኛ አቬኑ ከገባችሁ 1ኛ ፎቅ ናችሁ፣ በ5ኛ አቬኑ ከገባችሁ 3ኛ። «እዛው በሩ ጋ እንገናኝ» ተባብለው የተጠፋፉ ሰዎች አውቃለሁ።

1ኛ ፎቅ የልጆች ክፍል አለ። እዚያው አን ሃሚልተን የሠራችው የእንጨት ወለል አለ፤ በ11 ቋንቋ የመጻሕፍት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ከእንጨቱ ጎልተው ተቀርጸውበታል። ፊደሎቹ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ተገልብጠው ነው ያሉት። በእግራችሁ ጫማ ታነቡታላችሁ ማለት ይቻላል።

3ኛ ፎቅ «ሳሎን» ይሉታል። ጣሪያው 15 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይሄዳል። የአበባና የቅጠል ምስል ያለባቸው ምንጣፎች ላይ ሰው ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል፣ ቼዝ የሚጫወት አለ፣ ዝናብ የሸሸ አለ።

4ኛው ቀይ ነው። ግድግዳው ቀይ፣ ወለሉ ቀይ፣ ጣሪያው ቀይ። ኮሪደሩ ስለታጠፈ መጨረሻው አይታይም። እናቴ እዚህ ስትገባ አማተበች። ዓይን ለማሳረፍ ብዙ አትቆዩበት፣ ግን እለፉበት።

5ኛው ኮምፒውተርና ጥያቄ የሚመልሱ ሠራተኞች ያሉበት ነው። 10ኛው የንባብ አዳራሽ። ከጥግ በኩል የኤሊየት ቤይ ውሃ ይታያል። እንደ እኔ ከሆነ መጀመሪያ በቢጫው ኤስካሌተርና በሊፍት 10ኛ ላይ ውጡ፣ ከዚያ በጥምዝምዙ ቁልቁል በእግር ውረዱ። ዳገት ከመውጣት ቁልቁለት ይሻላል።

የሚያማርር ሰው የለም?

አለ፣ ደግሞም እውነት አለው። ሰው ይጠፋበታል። መውጣቱ ቀላል ነው፣ መውረጃውን ማግኘት ግን ያደናግራል። ከተከፈተ ጀምሮ ሠራተኞች ምልክት ሲጨምሩ ኖረዋል። ድምፅም በትልቁ ባዶ ቦታ ውስጥ ይጓዛል። በእግረኛ መንገዱ በኩል ሕንፃው ትንሽ ፊቱን ያዞረ ይመስላል የሚሉም አሉ፤ ሱቅና ወንበር ቢኖር ጎዳናው ሞቅ ይል ነበር። በዚህኛው እስማማለሁ። መጥፋቱን ግን እንደ ትልቅ ጥፋት አላየውም። ሠራተኞቹን ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ።

የአማርኛ መጻሕፍት አሉ?

አሉ። ላይብረሪው በብዙ ቋንቋ መጻሕፍት ይሰበስባል፣ አማርኛም አንዱ ነው። ለልጆችም ለአዋቂም። የፈለጋችሁት ማዕከላዊው ላይ ከሌለ ሰፈራችሁ ወዳለው ቅርንጫፍ እንዲላክላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ለዚህም አይከፈልም። መጽሐፉ ጨርሶ ከሌለ እንዲገዛ ሐሳብ ማቅረብም ይቻላል። እባካችሁ አቅርቡ። መደርደሪያው የሚያድገው ሰው ሲጠይቅና ሲዋስ ነው። የማይወጣ መጽሐፍ ቦታው ይወሰድበታል።

ሰፈሩ የሚቀርባችሁ ከሆነ 23ኛና የስለር ጥግ ያለውን ዳግላስ-ትሩዝ ቅርንጫፍም እዩት። በ1914 የተሠራ ውብ አሮጌ ሕንፃ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ስብስቡ ሰፊ ነው። ስሙ የፍሬደሪክ ዳግላስና የሶጆርነር ትሩዝ ነው፤ ሁለቱም ከባርነት ወጥተው ለነፃነት የታገሉ ናቸው።

ካርድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? ካዘገየሁስ ቅጣት አለ?

ሲያትል ውስጥ ከኖራችሁ፣ ከሠራችሁ ወይም ከተማራችሁ ካርዱ ነፃ ነው። የማዘግየት ቅጣት ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ቀርቷል። በ2019 ሕዝቡ 219 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለላይብረሪዎቹ ሲፈቅድ የቅጣቱ መቅረት አብሮ ነበረበት። የጠፋ መጽሐፍ ዋጋ ግን ይከፈላል። የድሮ ቅጣት ፈርታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ያ ተሰርዟልና ተመለሱ።

በምን ልሂድ? መቼ ይሻላል?

መኪና ይዛችሁ አትጨነቁ። ከሕንፃው ሥር ማቆሚያ አለ፣ ግን ይከፈልበታል። በቀላል ባቡሩ ሲምፎኒ ጣቢያ ውረዱና ሁለት ሦስት ብሎክ ዳገቱን ውጡ። ከልጆች ጋር ከሆነ ጠዋት። ለብቻችሁ ከሆነ ደግሞ በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሂዱ። 10ኛ ፎቅ መስታወቱ አጠገብ ወንበር ያዙ። ዝናቡ በተጋደመው መስታወት ላይ ሲወርድ ከውስጥ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።